ሦስት ክረምት የተቀበረው አቡጀዲ

በዚያ ቀን እዚያ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ጉልበቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። ሠዓሊዋ ልጃችን ክፍሏ ውስጥ ነበረች። አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን እትዬ ነበሩ፤ ታማ የሰነበተችውን የልጅ ልጃቸውን አዝለዋል። ለውሃ ቧንቧ ቦይ የሚቆፍሩ ሁለት ጎልማሶች ነበሩ። የእድራችን ዳኛ በኋላ መጡ፤ የንስሐ አባታችን ደግሞ ከሁሉም በኋላ። ሌላ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እንዳየ አድርጎ የሚያወራው አሁን ነው።

የማንንም ስም አልጽፍም። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምጽፈው ልጄ ከቤት የወጣችበት ምክንያት ከዚያ ቀን ስለሚጀምር ነው። ከፋሲካ ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። የት እንዳለች አላውቅም። "መተት ስትቀብር ተይዛ፣ አፍራ ጠፋች" የሚሉ አሉ። አፍራ የጠፋችን ሰው ማንም አይፈልጋትም፤ ቢያያትም አይቶ ያልፋል። ስለዚህ ነገሩ እንደነበረው ይታወቅልኝ።

ልጄ ሥዕል የጀመረችው በአፈር ነው። ትንሽ ሳለች፣ ለማገዶ የባሕር ዛፍ ቅጠል ልጠርግ እንጦጦ ስወጣ ይዣት እወጣ ነበር። የምተዋት ሰው አልነበረኝም፤ ቢኖርም አላምንም። ነጠላዬን መሬት ላይ አነጥፍና እዚያ ላይ አስቀምጣታለሁ። እሷ ከነጠላው ላይ ወርዳ አፈር ትለያለች። ቀዩን ለብቻ፣ አመዳሙን ለብቻ፣ ከዛፉ ሥር ያለውን ጥቁሩን ለብቻ። ከሁሉም ትቀምሳለች። እኔ መጥረጊያዬን ጥዬ እሮጥና አፏን በጣቴ እጠርጋለሁ። ትሉን እፈራለሁ፣ ተስቦውን እፈራለሁ፣ ጅቡን በቀን እንኳ እፈራለሁ። ካደገች በኋላ ለምን አፈር ትበላ እንደነበር ጠየቅኳት። "አልበላሁትም እማዬ፣ እየተዋወቅኩት ነበር" አለችኝ።

ያመጣችውን አፈር ቤት ወስዳ በውሃ ታቀጥንና ምርጊት ግድግዳችንን በመዳፏ ትለቀልቀዋለች። ባለቤቴ ያኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከመስክ ሲመለስ ግድግዳውን አይቶ፣ "ይቺ ልጅ ቤቱን ልትሸጠው ነው እንዴ፣ ቀለም የምትቀባው?" አለ። ልቆነጥጣት ስነሳ ያዘኝ። "ተያት፤ ቤቱም ከዚያው አፈር ነው የተሠራው።"

ትምህርቷ ጥሩ ነበር። እኔ ባንክ ቤት እንድትቀጠርልኝ፣ ነፋስ የማይገባበት ቦታ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንድትሠራ እመኝ ነበር። እሷ ሥዕል ተማረች። ለእንጀራዋ የሰው መልክ ትስላለች፣ የካፌ ግድግዳ ትቀባለች፤ በዚህ አላስቸገረችንም። የራሴ የምትለው ሥራ ግን ተራራው ላይ ነበር። ሐሙስም ይሁን እሑድ፣ ቀኑ ባዶ ከሆነላት ወረቀቷን ጠቅልላ ትወጣለች። እኔም ምሳ ዕቃ፣ ሹራብና ጃንጥላ ይዤ እከተላለሁ። "ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት እናቷ ትከተላታለች ይሉኛል" ብላ ታጉረመርማለች። ግን ዳገቱ ላይ ሲደክመኝ ቆማ ትጠብቀኛለች።

ከአፈር ቀጥሎ ያዛት ውሃ ነው። አንድ ሐምሌ ላይ ትልቅ ወረቀት ሣሩ ላይ ዘርግታ፣ ጥግ ጥጉን በድንጋይ ይዛ፣ የአፈር ቀለሟን አፈሰሰችበትና ከዛፍ ሥር ቆማ ሰማይ ሰማይ ታይ ጀመር። ዝናቡ እንደ ወረደ እኔ ሮጥኩ። ጃንጥላዬን ከፍቼ ወረቀቱ ላይ ቆምኩበት።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለችኝ ከወዲያ ሆና።

"ሥራሽ በሰበሰ እኮ።"

"እንዲበሰብስ ነው የተዘረጋው።"

"አንቺስ እንድትበሰብሺ ነው የቆምሽው?"

"እኔን ተዪኝ። ዝናቡ ሊስል መጥቶ አንቺ በሩ ላይ ቆመሽበታል።"

ጃንጥላውን ዘጋሁት። በኋላ በረዶ ጣለ፤ በረዶው ወረቀቱን እየነደለ ሲያልፍ እሷ እንደ ሕፃን ትስቅ ነበር። እኔ ስለ ሳንባዋ አስብ ነበር።

ያ ወረቀት በኋላ ትርኢት ላይ ተሰቀለ። ከተማ ውስጥ የተከራዩት አዳራሽ ነው፤ ከሌሎች ሠዓሊዎች ጋር ነበረች። ሱፍ ለባሾች መጡ፣ "ዋው፣ ቴክስቸሩን እየው" የሚሉ ወጣቶች መጡ። እኔ በር አጠገብ ቆሜ ሥዕሉን የሚነካ ሰው እንዳይኖር እጠብቃለሁ። አንዲት ሴት ዝናብ የሠራው ሥዕል ፊት ብዙ ቆየች። ዙሪያውን ሁሉ ቀይ ቦይ ወርዶበታል፣ ተነዳድሏል፤ አንድ ጥግ ላይ ግን ምንም ያልነካው ንጹሕ ክብ አለ።

"ይሄ ክብ ምንድን ነው?" አለቻት ልጄን።

"እናቴ ናት" አለቻት።

ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ልጄ አልሳቀችም። እኔ ነጠላዬን ላስተካክል ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ቀጥሎ ነፋስ መጣባት። የከሰል ቁራጭ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ታስርና ከሥሩ ወረቀት ወጥራ ትቀመጣለች። ነፋስ ሲመጣ ቅርንጫፉ ይጭራል፣ ሲሄድ ያቆማል። አንዳንድ ቀን ስንመለስ ወረቀቱ ላይ ሁለት ጭረት ብቻ ነው ያለው። "ዛሬ ነፋሱ ሰንፏል" ትላለች። አንድ የጫካ ጥበቃ በትሩን ይዞ መጣና ቅርንጫፉን፣ ከሰሉን፣ እሷን እያፈራረቀ አየ።

"እህቴ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"እኔ አልሠራም። ዛፉ ነው የሚስለው።"

"ዛፉ ፈቃድ አለው?"

"ተከላው ላይ የሰጡት ይመስለኛል።"

ሰውየው ትንሽ አሰበና አጠገቤ ተቀመጠ። "እናቴ፣ ይቺ ልጅ አግብታለች?" አለኝ በሹክሹክታ። አላገባችም አልኩት። "በዚህ አያያዟ ዛፍ ነው የምታገባው" አለኝና ከምሳ ዕቃዬ ተቋድሶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስንመጣ ሲያይ ከሩቅ፣ "ዛሬ ነፋስ አለ፣ ውጡ ውጡ" እያለ ይጣራ ነበር።

እንግዲህ አቡጀዲው ከዚህ ሁሉ የመጣ ነው። ልጄ አንድ ጊዜ፣ "ሁልጊዜ አፈሩን እኔ እወስደዋለሁ። አሁን እኔ ሥራዬን እሱ ዘንድ ልውሰድለት" አለችና ከሾላ ገበያ ነጭ አቡጀዲ ገዛች። የእንቁላል አስኳል ከቀይ አፈር ጋር መትታ ቀባችው፤ አስኳሉ አፈሩን ጨርቁ ላይ ያጣብቃል አለች። ዝገቱ ቀለም እንዲለቅ አሮጌ ምስማሮች ውስጡ ደረደረች፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የእንቁላሉን ቅርፊትም ጨመረች። ጠቅልላ በክር አሰረችው። ነጭ ክር አልቆ ስለነበር ከስፌት ዕቃዬ ያገኘችው ጥቁሩን ነው። ከዚያ ከአጥሩ ሥር፣ የእትዬ ቤት አሸንዳ ውሃ በሚጥልበት በኩል ቀበረችው። ሦስት ክረምት አለፈው። አንዳንዴ ቦታውን በእግሯ እየረገጠች ትመለከተዋለች። "ልክፈተው ይሆን?" ትለኛለች። "እንዴ፣ ይብሰል እንጂ" እላታለሁ፤ እኔም በራሴ መንገድ ለምጄው ነበር።

ያ ቀን ጥቅምት ላይ ነው። ቆፋሪዎቹ ቦዩን ይዘው አጥራችን ጋ ደርሰዋል። የአንዱ ዶማ ለስላሳ ነገር ያዘ። በእጁ ጎትቶ አወጣውና፣ "ማዘር፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ጥቁሩን ክር አየ፣ በጨርቁ ሽንቁር የወጣውን ምስማር አየ፣ የእንቁላል ቅርፊት ፍርፋሪ እጁ ላይ ቀረ። ጣለውና አማተበ።

"እኔ ከዚህ በኋላ አልነካም" አለው ለጓደኛው። "ሚስት አለችኝ።"

"እኔስ የለችኝም? አንተ ነህ ያወጣኸው።"

እትዬ በዚያች ሰዓት ልጅቷን አዝለው ወጡ። የልጅ ልጃቸው ትኩሳት ይዟት፣ እህል አልቀምስ ብላ ሰንብታለች። ጠበል አስጠምቀዋታል፤ ጤና ጣቢያ ግን "መርፌ ወግተው ያባብሱብኛል" ብለው አልወሰዷትም። ጥቅሉን እንዳዩ ልጅቷን ከጀርባቸው አውርደው ደረታቸው ላይ አቀፏት።

"በኔ አጥር ሥር ነው የተቀበረው" አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

ልጄ ከክፍሏ ሮጣ ወጣች። "አትንኩት፣ የኔ ነው" አለች። ከዚያ የከፋ ቃል አልነበረም።

"ያንቺ ነው?"

"የኔ ነው እማማ። ሥዕል ነው።"

"ሥዕል በጥቁር ክር ይታሰራል?"

"ነጩ አልቆ ነው።"

"ምስማሩስ?"

"ዝገቱ ቀለም ይሰጣል።"

"ቦታ ጠፍቶ ነው በኔ በኩል?"

"የእርስዎ ቤት አሸንዳ እዚያ ስለሚወርድ ነው። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። መሬቱ እንዲስልልኝ ብዬ ነው የቀበርኩት።"

እትዬ ወደ ቆፋሪዎቹ ዞሩ። "ሰማችኋት? መሬት ታዛለች ማለት ነው።"

ባለቤቴ ከበረንዳው ላይ፣ "እትዬ፣ ልጅቷ መሬት ማዘዝ ብትችል ኖሮ ይሄን የጭቃ መንገድ አስፋልት ታደርግልን ነበር" አላቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳቸው ቀድመው ይስቁ ነበር። ያን ቀን አልሳቁም።

የእድሩ ዳኛ መጡ፤ ነገሩ በሰላም ይለቅ፣ ሁለታችሁም የአንድ እድር ሰው ናችሁ አሉ፤ ግን ጥቅሉን ከሩቅ ነው ያዩት። የንስሐ አባታችን ሲደርሱ ጎንበስ ብለው በእጃቸው አነሱት። ገለበጡት፣ አሸተቱት።

"ጽሕፈት አለበት?" አሉ ልጄን።

"የለበትም አባታችን።"

"ጽሕፈት የሌለው መተት አይቼ አላውቅም። እኔ የማየው ጨርቅ ነው።" ወደ እትዬ ዞሩ። "ልጅቷን ሐኪም አይቷታል?"

"ጠበል ወስጃታለሁ አባቴ።"

"ጠበሉ አይቅር። ሐኪም ይያት ነው የምልሽ።"

እትዬ አለቀሱ። "አባቴ፣ እርስዎ አሁን ይሄዳሉ። እሳቸውም ይሄዳሉ። ከዚህ አጥር ሥር የምተኛው እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ አንድ ነገር ብትሆን ለእናቷ ምን እላታለሁ? ጨርቅ ነበር ልበላት?"

ልጅቷ በዚያ ትኩሳቷ ዐይኗን ጨፍና አያቷ ደረት ላይ ተለጥፋለች። ልጄ አየቻት። ከዚያ ጥቅሉን ከአባታችን እጅ ተቀብላ ከክሩ አንዱን ፈታችና ጥጉን ገለጥ አደረገችው። እኔ ከትከሻዋ በላይ አየሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቀይ አላየሁም። ዝገቱ በቀዩ ውስጥ እንደ ሥር እየቀጠነ ሄዷል፤ ቅጠሎቹ በስብሰው ጥላቸው ብቻ ቀርቷል። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ አየችውና መልሳ ሸፈነችው።

"እማማ፣ ቢቃጠል ይተኛሉ?" አለቻቸው።

"እተኛለሁ።"

"ነገ ጠዋት ልጅቷን ጤና ጣቢያ ይወስዷታል?"

"እወስዳታለሁ።"

"እንግዲያው ይቃጠል።"

ባለቤቴ "አይሆንም" አለ፤ እሷ ግን ዞር ብላ አላየችውም። ክብሪት ስጪኝ አለችኝ። በቤታችን ክብሪት የሚቀመጠው እጄን ዘርግቼ በምደርስበት መደርደሪያ ላይ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እሳት ጋ እንድትደርስ ፈቅጄላት አላውቅም፤ ትልቅ ሰው ሆና እንኳ ድስት የማወጣው እኔ ነበርኩ። አምጥቼ ሰጠኋት። አቡጀዲው እርጥብ ነበርና አልያዝ አለ። አንደኛው ቆፋሪ ደረቅ ቅጠል ሰብስቦ አመጣላት። ቀስ ብሎ ጨሰ፣ ቀስ ብሎ ያዘ። ሌላው ሰው የሚነደውን ያያል፤ እኔ የልጄን ፊት አይ ነበር። ስታለቅስ ልይዛት ነበር የተዘጋጀሁት። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ፣ አፈር ስትለይ እንደነበረው አተኩራ ታየው ነበር።

እትዬ ቃላቸውን ጠበቁ። ታይፎይድ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ሰጧት፤ ልጅቷ ድና አሁን ግቢያችን ውስጥ ትሯሯጣለች። ስለ አቡጀዲው እትዬም እኛም አንስተን አናውቅም።

ልጄ ግን ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነች። አመዱን ሰብስባ ወረቀት ላይ አሸችው፣ አልበቃትም። ቅጠል ታቃጥላለች፣ ወረቀት ከጭስ በላይ ትይዛለች፤ እኔ ባልዲ ውሃ ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ።

"አፈሩን አውቀዋለሁ እማዬ፣ ውሃውንም ነፋሱንም። እሳትን ግን አንቺ አላስተዋወቅሽኝም" አለችኝ እየሳቀች።

"ምድጃው ይኸው። አጠገቡ ተቀምጠሽ ሳዪ።"

"ምድጃ የቤት ልጅ ነው። እኔ የምፈልገው ማንም ያላነደደውን ነው።"

ባለቤቴ "ልጅሽ ፍሬን የላትም" አለኝ። ይህን ሲል ግን ኩራት በድምፁ ውስጥ ነበር፤ በዚያ ተቆጣሁት።

ጥምቀት እንዳለፈ ወረቀቷን ጠቅልላ ወደ ቆላው ወረደች፤ ምድሩ ራሱ ይጨሳል፣ ውሃው ከመሬት ፈልቶ ይወጣል ወደሚባልበት አገር። በሶና ጭኮ ቋጠርኩላት። መጀመሪያ በየቀኑ ትደውል ነበር። "እማዬ፣ መሬቱ ጫማዬን ያሞቀዋል።" "ጫማሽን ቀይሪ።" "ወረቀቱን መሬት ላይ ሳስቀምጠው ከታች በኩል ቡናማ ይሆናል።" "ውሃ ትጠጫለሽ?" "እጠጣለሁ።" "የፈላ ነው?" "እዚህ ሁሉም የፈላ ነው።" በኋላ ኔትወርክ አይገኝም እያለች ጥሪዋ እየራቀ ሄደ። የመጨረሻው በሕማማት ነው። ወደ ውስጥ ከሚገባ ጨው ጫኝ መኪና ጋር እንደምትሄድና ለፋሲካ እንደምትመለስ ነገረችኝ። "ዶሮውን ያለእኔ እንዳትጨርሱት" አለች።

ፋሲካ አለፈ። ስደውል የምታነሳው ያቺ "የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም" የምትለው ሴት ናት። ለፖሊስ አመልክተናል፤ ፎቶዋን ወስደዋል፣ እየተፈለገች ነው ይሉናል። ባለቤቴ በዚያ በታመመ ጉልበቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወርዶ ነበር። የጨው መኪናውን ሹፌር አገኘው። መንገድ ዳር ያለች አንዲት መንደር ላይ እንዳወረዳት፣ ከዚያ ከአገሩ ሰዎች ጋር በእግር እንደምትሄድ እንደነገረችው፣ ደስተኛ እንደነበረች ነገረው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ አላገኘም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምድር ተነቃንቃ ቁም ሳጥናችን ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። ባለቤቴና እኔ ሁለታችንም ስልኩን አየን።

እትዬ በየጠዋቱ በአጥሩ በኩል "ደወለች?" ይሉኛል። አልደወለችም እላቸዋለሁ። ባለፈው ሰሞን በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ዝናብ ራጉኤል ድረስ ወጥተው ስለ እሷ ተስለው መጡ። አልጠየቅኳቸውም፤ ሲመለሱ የደረቀ ቀሚስ አበደርኳቸው።

ወደ ቆላው የምትወርዱ ሹፌሮች፣ ጨው ጫኞች፣ እንግዳ ይዛችሁ የምትሄዱ አስጎብኚዎች፣ የአገሩ ሰዎችም፤ ረዘም ያለች፣ ጠይም፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ የወረቀት ጥቅል የተሸከመች ሴት አይታችሁ ከሆነ የት እንዳያችኋትና መቼ እንደሆነ ንገሩኝ። ሥራዋን ካልጨረሰች አትመልሷት። ደህና መሆኗን ብቻ ላኩብኝ።